ድንኳኑን ሳይሆን አጎበሩን አሳዩኝ

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ መድረቅ ሲጀምር የውስጥ መስመሬ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ይሞላል። "ዶክተር፣ በጥቅምት ልጆቹን ይዘን ጋምቤላ ልንወርድ ነው። ድንኳን ገዝተናል፣ ሌላ ምን እንያዝ?" አብሮ ፎቶ ይላካል። የላንድክሩዘር ጣሪያ ላይ የሚዘረጋ ድንኳን፣ ታጣፊ ወንበር፣ የጋዝ ምድጃ፣ አልፎ አልፎም ከመኪና ኋላ የሚጎተት ማደሪያ። አጎበር ግን እስካሁን በአንዱም ፎቶ ላይ አላየሁም።

ጋምቤላ አትሂዱ አላልኩም። ልጆቻችሁ ባሮን ቢያዩ፣ ፓርኩ ውስጥ የነጭ ጆሮ ቆርኬውን መንጋ ቢያዩ ደስ ይለኛል። የምቃወመው ለካምፕ የመረጣችሁትን ወርና ገንዘባችሁን ያፈሰሳችሁበትን ዕቃ ነው።

በአገራችን ዋናው የወባ ወቅት ከመስከረም እስከ ታህሳስ ነው። ዝናቡ ሲያባራ በየጉድጓዱ የሚቀረው ውሃ ለትንኟ መፈልፈያ ይሆናል። ጋምቤላ ከተማ ደግሞ ከባህር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ቆላ ናት። ሳሩ የለመለመበት፣ ለፎቶ የሚያምረው ጊዜና ወባው የሚበረታበት ጊዜ አንድ ነው። የጉዞ ማስታወቂያው ይህን አይነግራችሁም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20፣ 2024 እ.ኤ.አ. ብቻ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ህሙማን ተመዝግበዋል፤ 1,157 ሰዎች ሞተዋል።

"የአካባቢው ሰው ይኖርበት የለ?" ትሉኛላችሁ። ይኖርበታል፤ ይታመምበታልም፣ ልጆቹንም ይቀብርበታል። ደጋግሞ የተያዘ አዋቂ ሰውነቱ በከፊል ይለምዳል። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ የአራት ዓመት ልጅ ግን ምንም መከላከያ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1958 ወባ ወደ ደጋው ወጥቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሞ 150 ሺህ ገደማ የገደለው ሕዝቡ ስላልለመደው ነበር። ቆላ ወርደው ገበያ ውለው ሳይመሽ ደጋ ወጥተው የሚያድሩት አያቶቻችን ፈሪዎች አልነበሩም።

ገርሞኝ የማያልቀው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 አንድ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ አባል ጋምቤላ አጠገብ ባሮ ውስጥ ሲዋኝ አዞ እንደገደለው ስናገር ወላጅ ሁሉ ክው ይላል። ልጁን ከወንዙ ያርቃል፤ ይገባዋልም። ስለ ወባ ስናገር ግን "ነጭ ሽንኩርት እናበላቸዋለን" ይለኛል። ነጭ ሽንኩርት ለወጥ ነው። የአረቄው፣ የጭሱ ነገርም ያው ነው፤ ልጃችሁን ለዚያ አደራ አትስጡ።

"ድንኳናችን ወንፊት አለው" የሚለውም አያሳምነኝም። ወንፊቱ የሚሠራው ዚፑ ሲዘጋ ነው። ልጆች ማታ ስንት ጊዜ ይወጣሉ? ዋናዋ አስተላላፊያችን አኖፌለስ አራቢየንሲስ ከቤት ውጭም፣ ገና ሰው ሳይተኛም ትናከሳለች። እናንተ እሳት ከባችሁ ቡና ስትጠጡ፣ ልጁ በቁምጣ ሲሯጥ፣ ያኔ ነው የሚነከሰው። ስለዚህ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ረጅም እጅጌና ረጅም ሱሪ ይልበስ፤ ለዕድሜው የሚሆን የትንኝ ማባረሪያ ቅባት ይቀባ። ለመኝታ በኬሚካል የተነከረ አጎበር፣ ድንኳንም ውስጥ ቢሆን፣ ጠርዙ ፍራሽ ስር የገባ። ዋጋው ከዚያ ታጣፊ ወንበር አይበልጥም።

ይህ ለአዲስ አበባ ሰው ብቻ አይደለም። ጋምቤላ ከተማ ኖሮ ልጁን ይዞ ለዓሣ ወንዝ ዳር የሚያድር አባትም አጎበሩን ቤት ሰቅሎ ይሄዳል። ትንኟ ቤት ቀረች እንዴ?

ሌላው፣ ኮአርተም ገዝቶ "ለመከላከያ" መዋጥ። ኮአርተም ህክምና ነው። ለመከላከያ የሚሰጡት መድኃኒቶች ሌሎች ናቸው፤ ከጉዞው በፊት ይጀመራሉ፣ ከተመለሳችሁ በኋላም ይቀጥላሉ። ከመካከላቸው ዶክሲሳይክሊን ለነፍሰ ጡርና ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። ስለዚህ ከፋርማሲ መስኮት በግምት አይገዛም፤ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። እርጉዝ ከሆንሽ፣ እህቴ፣ ይህ ጉዞ ይቆይሽ። ወባ ለፅንሱ ማስወረድ፣ ለአንቺ ከባድ ደም ማነስ ያመጣል። ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ያላችሁም ጉዞውን ወደ በጋው ግፉት፤ ሙቀቱ ይበረታል እንጂ ትንኙ ይቀንሳል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ቤተሰቡ በሰላም ይመለሳል፣ ፎቶው ይለጠፋል። ከአሥር፣ ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ልጁ ያተኩሰዋል። "ጉንፋን ነው" ተብሎ ሽሮፕ ይሰጠዋል፤ በሦስተኛው ቀን ራሱን ስቶ ይመጣል። ጋምቤላ እንደነበር የሚነገረን ስንጠይቅ ነው፣ እሱም ከጠየቅን! ፋልሲፓረም የሚባለው ወባ ህጻንን በአንድ ቀን ልዩነት ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ቫይቫክስ ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል። ከቆላ በተመለሳችሁ በሳምንትም ሆነ በስድስት ወር ትኩሳት ከመጣ፣ የካርድ ክፍሉን ሳታልፉ "ጋምቤላ ነበርን" በሉ፤ ደሙም በዚያው ቀን ይመርመር። ልጁ ከተንቀጠቀጠ፣ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የበላውን ሁሉ ካስመለሰ ወይም ከፈዘዘ፣ ሌሊትም ቢሆን ይዛችሁት ውጡ።