ሴንሰሩን ተዉት፣ ያየውን ነው የተናገረው!

ይህን አንብበው የሚቀየሙኝ የጋራዥ ወዳጆች እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ከነሱ መሃል እኔው ፊዚክስ ያስተማርኳቸው አሉበት። "ቲቸር፣ አንተ ጠመኔህን ያዝ" የሚለኝም አይጠፋም። እሺ፣ ጠመኔዬን ይዤ ነው የመጣሁት።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ኮሮላውን ይዞ ቤት መጣ። መኪናዋ እንጀራው ናት፣ ሰው ያመላልስባታል። ከአምስት ወር በፊት ኦሪጅናሉን የጭስ ማውጫ አስወጥቶ በእጅ የተበየደ ሄደር አስገጥሟል። ካታሊስቱን አስነስቷል፣ ማርሚታውንም ድምፅ ባለው ለውጧል። ለምን ስለው "ጉልበት ትጨምራለች ብለውኝ ነው ቲቸር" አለኝ። ከዚያ ወዲህ የቼክ ኢንጂን መብራት እረፍት አልሰጠውም። ቤንዚን ደግሞ እንደ ውሃ ትጠጣለች።

ጋራዥ ወሰዳት፣ በኮምፒውተር አዩለት። ኮዱ ፒ0171 ነው፤ ድብልቁ አየር በዝቶበታል፣ ነዳጅ አንሶታል ማለት ነው። "ኦክስጅን ሴንሰሩ ሞቷል" ተባለ። ሶማሌ ተራ ሄዶ ገዛ፣ ተቀየረ፣ ኮዱ ተሰረዘ፣ መብራቱ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን በራ። "የገዛኸው ፎርጅድ ነው" ተባለ፣ ሌላ ገዛ። ያው! ቀጥሎ ፒ0420 መጣ፣ የኋላው ሴንሰርም ተቀየረ። ሦስት ሴንሰር! በመጨረሻ ምን ቢሉት ጥሩ ነው? "የመኪናዋ ኮምፒውተር ነው የተቃጠለው።" ልጁ ወደኔ የመጣው ለኮምፒውተሩ መግዣ ብር ሊበደር ነው።

ብር አልነበረኝም። የካንዴላ መፍቻ ግን ነበረኝ። አራቱንም ካንዴላ ፈታናቸው። ጥላሸት የለበሱ፣ ጥቁር! ጭሷም ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። እስቲ አስቡት፤ ኮምፒውተሩ "ነዳጅ አንሶኛል" ይላል፣ ካንዴላው "በነዳጅ ሰጠምኩ" ይላል። ሁለት ምስክሮች ሲጣረሱ ነገሩ ይመረመራል እንጂ አንዱ ምስክር ተፈቶ ይጣላል እንዴ?

አሁን ጠመኔዋን ላንሳ። ኦክስጅን ሴንሰር ነዳጅ አይለካም። በጭሱ ውስጥ የተረፈውን ኦክስጅን ከውጭው አየር ጋር ያስተያይና እንደ ልዩነቱ ቮልት ያወጣል። የተለመደው ዓይነት ኦክስጅን ሲበዛ ወደ 0.1 ቮልት ይወርዳል፣ ሲጠፋ ወደ 0.9 ይወጣል፤ መሃሉ 0.45 አካባቢ ነው። በቃ፣ ሥራው ይኼው ነው። ኦክስጅኑ ከየት እንደመጣ አያውቅም።

ጭስ ደግሞ ከሞተር የሚወጣው በምት በምት ነው። በአንዱ ምትና በሌላው መካከል የቧንቧው ግፊት ከውጭው አየር በታች የሚወርድበት ቅጽበት አለ። ከሴንሰሩ በፊት ትንሽ ስንጥቅ ካለች በዚያች ቅጽበት አየር ወደ ውስጥ ይሳባል። ሴንሰሩ "ኦክስጅን በዝቷል" ይላል፣ እውነቱን ነው። ኮምፒውተሩ ግን "ነዳጅ አንሷል" ብሎ ይተረጉመውና ቤንዚን ይጨምራል። ቢጨምርም የሚሳበው አየር አይቆምም፣ እሱም መጨመሩን አይተውም። የልጁ ብር በጭስ ማውጫ የወጣው በዚህ መንገድ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ግቢው ሜዳ ላይ አስነሳናት። ልጁ የጭስ ማውጫውን ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ለጥቂት ሰከንድ ያዝ አደረገ፣ እኔ የሄደሩን ብየዳ የሳሙና ውሃ ረጨሁት። ከሴንሰሩ አራት ጣት ከፍ ብሎ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ አለ። ልጁ ዝም ብሎ አየኝ። እኔም የምለው ጠፋኝ።

ከመበየዱ በፊት ፊውል ትሪም የሚባለውን ቁጥር በስልኬ አንብቤ ነበር። ኮምፒውተሩ ነዳጁን በ22 ከመቶ ጨምሮ ነበር። ተበይዶ ጥቂት ቀን ከተነዳች በኋላ ወደ 3 ወረደ። ከዚያ መጀመሪያ "ሞቷል" ተብሎ የተፈታውን ሴንሰር ከኮፈኑ ውስጥ ፈልገን መለስነው። ሲሞቅ ነዳጅ ስረግጥ ወደ 0.9 ይዘላል፣ ስለቀው ወደ 0.1 ይወድቃል። ሬሳው ይሮጣል!

ፒ0420ስ? እሱ ካታሊስቱ ሥራውን አልሠራም የሚል ኮድ ነው። ካታሊስቱን አውጥታችሁ ስታበቁ የኋላው ሴንሰር "ካታሊስት የለም" ስላለ ይቀየራል? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው።

የተነካካ መኪና የያዛችሁ፣ ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

1. ከሴንሰሩ በፊት ያለው ብየዳና ጓርኒሲዮን ጭስ ያወጣል ወይ?

2. የማይነድ ሲሊንደር አለ ወይ? ያልነደደ ነዳጅ ኦክስጅኑን ሳይጠቀም ነው የሚወጣው፤ ሴንሰሩ የሚያየው ያንን ኦክስጅን ነው።

3. ሴንሰሩ ከሞተሩ ርቆ ተተክሏል ወይ? ወደ 300 ዲግሪ ካልሞቀ በትክክል አያነብም።

4. ሞተሩ ላይ ያገኙትን ሲሊኮን ለጥፈውበታል ወይ? የሲሊኮን ትነት ሴንሰር ይመርዛል። ያን ጊዜ እውነትም ይሞታል፤ ምክንያቱን ሳታስወግዱ ብትቀይሩት አዲሱም ይከተለዋል።

5. መኪናው የሚፈልገው የትኛውን ዓይነት ነው? ብዙ ቶዮታዎች ፊት ላይ ያላቸው ኤር ፊውል ሴንሰር ነው። እሱ 3.3 ቮልት አካባቢ ይቆማል፣ አየር ሲበዛ ቮልቱ ይጨምራል፣ የተገላቢጦሽ ነው። በተለመደው ሴንሰር ዓይን ያነበበው "ተበላሽቷል" ቢል አይገርምም።

መካኒኮቹን ብቻ ብወቅስ ግን ዋሾ እሆናለሁ። እኛስ? "ለማየት ብቻ ነው እንዴ ይሄን ያህል የምትጠይቀኝ?" የምንል እኛ ነን። ሁለት ሰዓት ተንበርክኮ ስንጥቅ ለሚፈልግ አንከፍልም፤ ዕቃ ለሚያስገዛን ግን ሳንከራከር እንከፍላለን። የጋራዥ ኪራይ ያለበት ሰው ታዲያ ምን ያድርግ? ዕቃ ያስቀይራል። ለምርመራ እንክፈል፣ ምርመራ እንጠይቅ። "ሴንሰሩ ነው" ሲሉን "በምን አወቅህ? ቁጥሩን አሳየኝ" እንበል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ እነዚህን አሮጌ መኪኖች ተንከባክበን መያዝ ግድ ነው። በግምት እየፈታን የት እንደርሳለን?

ጋራዥ ውስጥ ላላችሁ ተማሪዎቼ፦ ኮድ ጥያቄ ነው፣ መልስ አይደለም። ፈተና ላይ ጥያቄውን ገልብጦ ለሰጠኝ ማርክ እንደማልሰጥ ታውቃላችሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።

ልጁ ብር አልተበደረም። ሁለቱ ትርፍ የፊት ሴንሰሮች ግን እጁ ላይ አሉ። ኮሮላ ያለው፣ መጀመሪያ ብየዳውን በሳሙና ውሃ አይቶ፣ በእርግጥ የሚያስፈልገው ከሆነ በውስጥ መስመር ያናግረኝ።