«ተሸናፊ ይከፍላል» ለምትሉ የአየር ጤና ጌም ቤቶች

ለተከበራችሁ የጌም ቤት ባለቤቶች፣

ይህን የምጽፍላችሁ ቤታችሁን ዝጉ ልል አይደለም። ዝጉ የሚላችሁ አልጠፋም፤ ደንብ አስከባሪው አለ፣ መምህሩ አለ፣ ለዳቦ የሰጠችው ብር ደብዛው የጠፋባት እናት አለች። የእኔ ቅሬታ ከዚያ ጠበብ ያለ ነው። ጠቤ «ተሸናፊ ይከፍላል» ከምትሉት ሕግ ጋር ነው።

ጌም ቤት ገብቶ ለማያውቅ አንባቢ ሕጉን ላስረዳ። ከአየር ጤና አደባባይ ወደ ካራ ቆሬ ሲኬድም ሆነ ወደ ቤቴል ሲታጠፍ፣ መጋረጃ በተጋረደበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት ልጆች ጆይስቲክ ይዘው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። የሚጫወቱት ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ኳስ ነው፤ ፊፋ። (ኩባንያው ይህን ስም በፈረንጆች 2023 ጥሎታል፤ አየር ጤና ግን አልሰማም፣ ቢሰማም ግድ የለውም።) ጨዋታው ሲያልቅ የተሸነፈው ከፍሎ ይነሣል፣ ያሸነፈው እዚያው ይቆያል፣ ባለተራው ይገባል። የግማሹን ርዝመት የምትሞሉት እናንተ ናችሁ፤ ወረፋው ሲበዛ ታሳጥሩታላችሁ። መብራት በመሐል የሄደ እንደሆነማ ሌላ ጉድ ነው። ሲመራ የነበረው «አሸንፌያለሁ» ይላል፣ ሲመራ ያልነበረው «ገና ነበር» ይላል፣ እናንተ ዳኛ ትሆናላችሁ። ብሩ የሚገባው ዳኛው ኪስ መሆኑ ፍርዱን ትንሽ ያስቸግረዋል።

ልማዱን ከፑልና ከጆተኒ የወረሳችሁት ይመስለኛል። ብይስ ቢሆን ተሸናፊን ያስከፍል የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ያስከፍላል። ግን የተበላ ብይ ከሠፈር ልጅ ኪስ አይወጣም፤ የተበላው ልጅ ነገ ተጫውቶ ያስመልሰዋል። እናንተ ዘንድ የተበላ ብር ወደ ባንኮኒው ይሄዳል፣ አይመለስም። ደግሞም ማን እንደሚሸነፍ የታወቀ ነው፤ አዲሱና ትንሹ። ጎበዙ ጎረምሳ ከምሳ እስከ ምሽት በትንንሾቹ ብር ሲጫወት ይውላል፣ ሳንቲም ሳያወጣ። ይህ ግልጽ ሆኖ ሳለ «ልጆቹ ራሳቸው ተስማምተው ነው» ስትሉ ሰምቻለሁ። የአሥር ዓመት ልጅ ወረፋ ጠብቆ የደረሰው ወንበር ላይ ምን የማይስማማው ነገር አለ?

ከዚህ ሁሉ የሚብሰኝ ግን ሕጋችሁ የትኛው ጨዋታ ደጃችሁን እንደሚያልፍ መወሰኑ ነው።

«ቲንክ ኦፍ ዘ ችልድረን» የሚባል፣ በ2017 የወጣ የአውስትራሊያውያን ጨዋታ አለ። እስከ አራት ሰው አንድ ስክሪን ፊት ተቀምጦ ወላጅ ይሆናል። ልጆቹን ይዞ ይወጣል፣ የተሰጠውን ጉዳይ ይፈጽማል፣ ልጆቹንም በሕይወት ያቆያል፤ ያ ብቻ ነው ሥራው። ግን አንዱ ልጅ ወደ አደጋ ሲሮጥ፣ ሌላው ሲከተለው፣ የጀመሩት ጉዳይ ሲበላሽ፣ ክፍሉ በጩኸት ይሞላል። ወላጆቹም ስለ አስተዳደጋቸው ችሎት ፊት ይቆማሉ። ቀልዱ መራራ ነው፣ ለሁሉ አይጥምም። እኔን የማረከኝ አወዳደቁ ነው። ልጅ የሚጠፋው ተጫዋቾቹ ሁሉ ሲሰንፉ አይደለም፤ እያንዳንዱ «እሱ ያየዋል» ብሎ በሌላው ሲተማመን ነው።

እስቲ ይህን በእናንተ ሕግ አጫውቱት። አራቱም አብረው ያሸንፋሉ፣ አብረው ይወድቃሉ። ታዲያ ማን ይከፍላል? ሕጋችሁ መልስ የለውም፤ መልስ ስለሌለውም እንዲህ ያለ ጨዋታ ማሽናችሁ ላይ አይጫንም። ልጆቹ ኳስ ብቻ ስለሚወዱ ነው እንዳትሉኝ፤ ሌላ መቼ አቀረባችሁላቸው?

ፕሌይስቴሽን 4 ያላችሁማ ሌላ ላለማቅረብ ጭራሽ ምክንያት የላችሁም። ወጥ ቤት ውስጥ ተጋግዞ የሚሠራበት ኦቨርኩክድ ከ2016 ጀምሮ ይገኛል። ኢት ቴክስ ቱ ደግሞ ሊፋቱ የተቃረቡ የአንዲት ልጅ ወላጆች አሻንጉሊት ሆነው፣ ካልተጋገዙ አንድ እርምጃ የማይራመዱበት ነው። ለብቻ መጫወት አይቻልም። በ2021 ዘ ጌም አዋርድስ ላይ የዓመቱ ምርጥ ተብሎ የተሸለመው እሱ ነው።

የፈረንጅ ነገር አታምጣብን የሚል ካለ ደግሞ ዕቃቃን ያስታውስ። በቆርኪ ድስት፣ በጭቃ እንጀራ፣ ጨርቅ ጠቅልለን ልጅ ስናሳድግ ማን ተሸንፎ ከፈለ? አባት የሆነው ከሥራ ይመጣል፣ እናት የሆነችው ለምን አመሸህ ብላ ትቆጣለች፣ ሕፃኑ ድንገት ይታመማል፣ ሐኪም ይጠራል፣ ሐኪሙም መርፌ ካልወጋሁ ብሎ ያስቸግራል። ትርምስ ነበር። ሴቶቹ ልጆችም ነበሩበት፤ ዛሬ ከመጋረጃችሁ ጀርባ የማላያቸው እነሱን ነው።

አሁን ወደ በራችሁ ልምጣ። እዚያ የቆመውን ትንሽ ልጅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እናቱ ሜክሲኮ ወይም መርካቶ ሥራ ላይ ናት፤ ታላቁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እንዲጠብቀው ታዝዟል። ታላቁ ይዞት ይመጣል፣ ይገባል፣ ተራው ይደርሳል። ትንሹ መጀመሪያ በመጋረጃው ቀዳዳ ያያል፣ ከዚያ ይሰለቸዋል፣ ከዚያ ባጃጅ የሚመላለስበት መንገድ ዳር ድንጋይ ይለቅማል። «ና ሽንቴ መጣ» ይላል። ታላቁ ይሰማዋል። ግን በመሐል ከተነሣ እንደ ተሸነፈ ይቆጠራል፤ ከተሸነፈ ይከፍላል፤ የያዘው ብር ደግሞ የዳቦ ነው። ስለዚህ አይነሣም። ይህን ልጅ ግዴለሽ ማለት ለእኛ ለትልልቆቹ ይቀለናል፤ እንዳይነሣ ወንበሩ ላይ ያሰረው ግን የእናንተ ሕግ ነው። በ«ቲንክ ኦፍ ዘ ችልድረን» የተቀለደበትን አሳዳጊነት እሱ በእውን ተሸክሞታል፣ ያውም በአሥራ ሦስት ዓመቱ። እናት በታላቁ ትተማመናለች፣ ታላቁ በእናንተ፣ እናንተ በመንገዱ በሚያልፈው ሰው።

የእናንተም ችግር ይገባኛል። ኪራዩ ይጨምራል፣ ጆይስቲክ ይሰበራል፣ ማሽኑ የሚገባው በዶላር ነው። በጨዋታ ስታስከፍሉ ወረፋው ይፈጥናል፣ ሒሳቡም ከልጆች ጋር ሳትጨቃጨቁ ይሰበሰባል። ነገር ግን ኢንተርኔት ቤቶች ለዓመታት በደቂቃ ሲያስከፍሉ «ማን አሸነፈ?» ብለው አልጠየቁም። ሰዓት ብትሸጡ፣ ሁለት ልጆች ይቀመጡበት በነበረው አግዳሚ ላይ አራት ልጆች ያዋጣሉ፤ ለእያንዳንዱ ይቀልለታል፣ ለእናንተም አይጎድልም። አራት ጆይስቲክ ከየት ይመጣል ካላችሁ፣ ኦቨርኩክድ ላይ ሁለት ልጆች አንዱን ጆይስቲክ ግራና ቀኝ ተካፍለው መጫወት ይችላሉ።

ሁሉንም ስክሪን ቀይሩ አላልኩም። ኳሱም ይቀጥል፤ እኔም እወደዋለሁ። አንዱን ስክሪን ብቻ፣ ለጊዜው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በሰዓት አከራዩት፤ ታናናሾችም ከታላቆቻቸው ጋር ይግቡ። በሌሎቹ ስክሪኖች ላይ ደግሞ ዛሬውኑ የሚቻል አንድ ነገር አለ፤ ወንድሙን ወይም እኅቱን ለማየት የተነሣን ልጅ «ተሸንፈሃል» አትበሉት፣ ጨዋታው ቆሞ ይጠብቀው። ወላጆችን ማነጋገሩን ለእኔ ተዉት፤ ለጆይስቲክ መግዣ የሚያዋጣ አይጠፋም። እናንተ የሰዓቱን ዋጋ ወስናችሁ በር ላይ ለጥፉት።

ከአክብሮት ጋር፣
የሠፈራችሁ ነዋሪ፣ አየር ጤና