ከክኒኑ ጋር ሊነገር የሚገባው

አቃቂ ቃሊቲ የሠራተኛ ሠፈር ነው። ፋብሪካ የሚውለው፣ ብረት የሚበይደው፣ ከባድ መኪና የሚያሽከረክረው ሁሉ እንጀራውን የሚበላው በእጁና በእግሩ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በአእምሮ ሕመም ታክሞ ጆሮው ላይ የሚጮኸው ድምፅ ጸጥ ሲልለት፣ በምትኩ እጁ መንቀጥቀጥ ቢጀምር ቤተሰቡ ምን ይበላል? ለዚህ ነው የመድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳት ለእኛ ትንሽ ነገር ያልሆነው።

ምክንያቱ ይታወቃል። አንጎላችን መልእክት ከሚያስተላልፍባቸው ኬሚካሎች አንዱ ዶፓሚን ነው። ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ዶፓሚን ለሰውነት እንቅስቃሴ ወሳኝ መሆኑን አሳይቶ በ2000 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ ለአእምሮ ሕሙማን የተሰጠው ክሎርፕሮማዚንም ሆነ በ1958 የተገኘው ሃሎፐሪዶል የዶፓሚንን ሥራ ይገታሉ። ይህ የሌለ ድምፅ መስማትንና ከልክ ያለፈ ጥርጣሬን ያበርዳል። እንቅስቃሴን የሚመራውም ያው ኬሚካል ስለሆነ ግን አካል አብሮ ይነካል።

መድኃኒቱ በተጀመረ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ አንገት ሊጣመም፣ ዓይን ወደ ላይ ሊሰቀል፣ ምላስ ሊወጣ ይችላል። ይህን ያየ ቤተሰብ «መንፈሱ ባሰበት» ብሎ ክኒኑን ይጥላል። ሌላው ሕመምተኛ አንድ ቦታ መቀመጥ ያቅተዋል፤ ይቁነጠነጣል፣ ይንጎራደዳል። ይህ እንደ ሕመሙ መባባስ ተቆጥሮ መድኃኒቱ ከተጨመረበት ስቃዩ ይብሳል። በሳምንታት ውስጥ እጅ የሚንቀጠቀጥበት፣ አካሄድ የሚገተርበትም አለ። ከወራትና ከዓመታት በኋላ የሚመጣው የከንፈርና የምላስ ያለፈቃድ መንቀሳቀስ ደግሞ መድኃኒቱ ቢቆምም ላይለቅ ይችላል።

አብዛኛው መፍትሔ አለው። የተጣመመ አንገት በተገቢው መርፌ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይመለሳል። መንቀጥቀጡና መገተሩ መጠን በመቀነስ፣ መድኃኒት በመቀየር ወይም አርቴን የተባለውን የመንቀጥቀጥ ማስታገሻ በመጨመር ይቃለላል። አርቴን ግን ዘግይቶ የሚመጣውን የከንፈርና የምላስ እንቅስቃሴ ሊያባብስ ስለሚችል ያለ ሐኪም ምክር አይወሰድም።

ቡታጅራ ላይ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት የዳሰሰው ጥናት፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው እንደማያውቁ አሳይቷል። ስንቱን አልፎ ሐኪም ደጃፍ የደረሰን ሰው ማስጠንቀቂያ ሳይነግሩ በክኒን ብቻ መሸኘት፣ እኔ እንደማምነው፣ ሕክምናውን ራሱን ማፍረስ ነው። የአምስት ደቂቃ ገለጻ ከመድኃኒቱ እኩል ሕክምና ነው፤ ለታማሚው ብቻ ሳይሆን አብራው ለመጣች እናቱ ወይም አብሮት ለመጣ ወንድሙም ይነገር።

ለቤተሰብም የምለው አለኝ። ጠበል የሚወስድ ይውሰድ፤ ክኒኑን ግን በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ፣ ሕመሙ በርትቶ ሊመለስ ይችላልና። አንገት ሲጣመም ወይም ትንፋሽ ሲያጥር መርካቶ አጠገብ እስካለው አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ለመድረስ ጊዜ አይባክን። ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል እዚሁ ሠፈራችን ነው፤ የሚወሰደውን መድኃኒት ይዛችሁ ድንገተኛ ክፍል ግቡ። ሌላውን ችግር መድኃኒቱን ላዘዘው ሐኪም ሳትፈሩ ንገሩ። ሳይነገረው ሊያስተካክለው አይችልም።