ሌባ ሻይና የፈተና ጽሑፍ

በየመሥሪያ ቤቱ የሚያገለግሉ ብዙ ወጣቶች ከሥራ ሰዓት በኋላ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የሚጠብቃቸው ዕረፍት ሳይሆን ሌላ ሥራ ነው። ይኸውም በሒሳብ ሥራ፣ በዕቃ ግዥ፣ በሠራተኛ አስተዳደር ወይም በመሰለው ሙያ የምስክር ወረቀት ለማግኘት የሚከታተሉት ትምህርት ነው። የዚህ ትምህርት አንዱ ጠባይ ተማሪው የሚመዘነው በፈተና አዳራሽ ብቻ ሳይሆን፣ ቤቱ ተቀምጦ ጽፎ በሚያቀርበው ሥራ ጭምር መሆኑ ነው። ጽሑፉም አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ፈታኙም ተማሪውን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ፣ በባሕር ማዶ የሚኖር ሰው ሊሆን ይችላል።

ይህ አሠራር ለብዙ ዘመን ያለ ትልቅ ጭቅጭቅ ሲሠራበት ቆይቷል። ጓደኛውን ለምኖ የሚያስጽፍ፣ ገንዘብ ከፍሎም የሚያስጽፍ ሰው በየትም አገር አልታጣም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ሰው ቢያንስ የሚጽፍለት ሰው መፈለግ ነበረበት። በ2022 ዓ.ም. ኖቬምበር መጨረሻ ላይ (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ቻት ጂፒቲ የተባለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሕዝብ ሲቀርብ ግን ያም ችግር ቀረ። ጥያቄውን ለጻፈለት ሁሉ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ሙሉ ድርሰት አዘጋጅቶ ይሰጣልና። መምህራን ደነገጡ፤ ድንጋጤያቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ከዚሁ ድንጋጤ የተነሣ ሌላ መሣሪያ ገበያ ላይ ዋለ። ይህኛው የቀረበለትን ጽሑፍ መርምሮ «ከመቶ ይህን ያህሉን የጻፈው ሰው አይደለም» እያለ ቁጥር ይሰጣል። ዛሬ ልንነጋገርበት የፈለግነው ስለዚሁ ስለ መርማሪው መሣሪያና በተማሪው ላይ ስለሚያመጣው ነገር ነው።

ነገሩ በሩቁ የቴክኒክ ጉዳይ ይመስላል። የሰው ኑሮ ጉዳይ መሆኑን ለመረዳት በአውስትራሊያ የሆነውን መመልከት ይበቃል። የአውስትራሊያ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ በ2024 ዓ.ም. ወደ 6,000 የሚጠጋ የትምህርት ማጭበርበር ጉዳይ መመዝገቡንና ከዚህም ዘጠና በመቶ ያህሉ ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋራ የተያያዘ እንደ ነበረ፣ ኤቢሲ የተባለው የአገሩ የዜና ማሰራጫ በ2025 ዓ.ም. ገልጿል። ዩኒቨርሲቲው ቁጥሩ ተጋኗል ሲል ተከራክሯል፤ ሆኖም ከቀረቡት ክሶች አንድ አራተኛ ያህሉ ተመርምረው ውድቅ መደረጋቸውን አልካደም። ከተከሰሱት አንዷ የነርስነት ትምህርቷን ልትጨርስ የተቃረበች ተማሪ ነበረች። ክሱ የደረሳት በሆስፒታል ልምምድ ላይ ሳለች፣ ለመቀጠርም ማመልከቻ በምታስገባበት ወራት ነው። ነጻ መሆኗ እስኪረጋገጥ ድረስ ስድስት ወር ያህል አለፈ። በእነዚያ ወራት ለአሠሪዎች የምታሳየው የውጤት ወረቀት «ውጤቱ ተይዟል» የሚል ቃል ተጽፎበት ነበር። ሥራ ሳታገኝ የቀረችበት አንዱ ምክንያት ይኸው እንደ ሆነ ታምናለች።

ከዚያው ዩኒቨርሲቲ የተሰማ ሌላም ነገር አለ። የተከሰሱ ተማሪዎች ንጹሕ መሆናቸውን ለማስረዳት በእጅ የጻፉትን ማስታወሻና በኮምፒዩተር ያደረጉትን ፍለጋ ዝርዝር ሳይቀር እንዲያቀርቡ ይጠየቁ ነበር። ከሳሹ ያቀረበው አንድ ቁጥር ሲሆን፣ ተከሳሹ ግን የወራት ኑሮውን እንዲያስረዳ ታዘዘ ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲው ያንን መሣሪያ በ2025 ዓ.ም. ማርች ወር ተወው።

ለመሆኑ መሣሪያው የሚመረምረው እንዴት ነው? ማለዳ መንገድ ላይ የተገናኙ ሁለት ሽማግሌዎች «እንደምን አደሩ?» «እግዚአብሔር ይመስገን» ሲባባሉ፣ ሁለተኛው አፉን ሳይከፍት ምን እንደሚል ሁላችንም እናውቃለን። ቃሉ ቃሉን ይጠራዋልና። ሰው ሠራሽ አስተውሎትም የሚጽፈው ከአንዱ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚችል እየገመተ ነው። መርማሪው መሣሪያ ደግሞ ይህንኑ ገልብጦ፣ የቀረበለት ጽሑፍ ቃል በቃል ምን ያህል በቀላሉ የሚገመት እንደ ሆነ ይለካል። የዐረፍተ ነገሮቹ ርዝመትና አካሄድ እኩል ሲሆን ይጠረጥራል፤ ያልታሰበ ቃል ሲያጋጥመው፣ አንዱ ዐረፍተ ነገር ረዝሞ ሌላው ሲያጥር፣ «ይህስ የሰው ነው» ይላል። የዛሬዎቹ መሣሪያዎች ከዚህ የተራቀቀ ዘዴ እንደሚጨምሩ አይካድም፤ ሥራቸው ግን ያው የመመሳሰል ግምት ነው። ጸሐፊውን ያየው የለም።

እንግዲህ በቀላሉ የሚገመት ጽሑፍ የሚጽፈው ማን ነው? አንደኛው፣ ቋንቋውን ከእናቱ ሳይሆን ከትምህርት ቤት የተማረ ሰው ነው። በ2023 ዓ.ም. የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰባት መርማሪ መሣሪያዎችን ፈትነው ነበር። የእናት ቋንቋቸው እንግሊዝኛ ያልሆነ ሰዎች ቶፍል ለሚባለው የቋንቋ ፈተና የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች ቢያቀርቡላቸው፣ በአማካይ ከስድሳ በመቶ በላዩን የመሣሪያ ጽሑፍ ነው አሏቸው። ሰባቱም መሣሪያዎች በአንድ ቃል የኮነኗቸው ድርሰቶች 18 ነበሩ፤ ከሰባቱ አንዱም ያልጠረጠረው ግን ሁለት ብቻ ነበር። የአሜሪካ የ8ኛ ክፍል ልጆች የጻፏቸውን ድርሰቶች ግን ከሞላ ጎደል ሁሉንም የሰው ናቸው ብለው አሳለፏቸው።

ተመራማሪዎቹ ቀጥለው ያደረጉት ይበልጥ ያስገርማል። እነዚያኑ የቶፍል ድርሰቶች ለቻት ጂፒቲ ሰጥተው ቃላቸውን እንዲያሳምርላቸው አዘዙት። አሁን በእርግጥ መሣሪያ የነካቸው ድርሰቶች ሆኑ። በዚህ ጊዜ በሐሰት የሚኮነኑት ከአሥራ ሁለት በመቶ በታች ወረዱ። በገዛ ዕውቀቱ የጻፈው ተያዘ፤ በመሣሪያ ያሳመረው አመለጠ። ያ ምርመራ የተደረገው በዚያን ጊዜ በነበሩት መሣሪያዎች ላይ ነውና፣ ከዚያ ወዲህ ተሻሽለዋል የሚል ክርክር ይቀርባል። ይሁን፤ እንቀበለው። ነገር ግን እንግሊዝኛን ከመማሪያ መጽሐፍ ተምሮ፣ ስሕተትን ፈርቶ በአጫጭርና በተለመዱ ቃላት የሚጽፈው ያገራችን ተማሪ ከእነዚያ 91 ጸሐፊዎች ጋራ የአንድ ቤት ልጅ መሆኑን አንርሳ።

ሁለተኛው በቀላሉ የሚገመት ጸሐፊ ሙያውን በሚገባ የተማረ ሰው ነው። በዚህ ላይ ጥቂት ልንቆይ እንወዳለን፤ የሙያ ምስክር ወረቀትን ጉዳይ ከሌላው ትምህርት የሚለየው ይህ ነውና። የግጥም ተማሪ «ማንም ያላለውን በል» ተብሎ ይማራል። የሒሳብ መርማሪ ግን «ሁሉም የሚለውን፣ ሁሉም በሚለው ቃል በል» ተብሎ ነው የሚማረው። የሒሳብ ምርመራ መግለጫ ከአዲስ አበባ እስከ ለንደን በአንድ ዓይነት ዐረፍተ ነገር ይከፈታል፣ በአንድ ዓይነት ዐረፍተ ነገር ይዘጋል፤ ቃሉን የለወጠ መርማሪ ምን ለማለት እንደ ፈለገ ይጠየቃል። የነርስ የበሽተኛ መዝገብም፣ የግዥ ሠራተኛ የጨረታ ሪፖርትም እንደዚሁ ነው። አዲስ የተቀጠረ ጸሐፊ በመሥሪያ ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚማረው «ጉዳዩ፦» ብሎ ጀምሮ በተለመደው ሥርዓት መዝጋት አይደለምን? ስለዚህ ተማሪው ሙያው የሚፈልገውን ቋንቋ በሚገባ በያዘ መጠን፣ በመርማሪው መሣሪያ ዓይን ይበልጥ ተጠርጣሪ ይሆናል ማለት ነው። ፈታኙ በአንድ እጁ ያስተማረውን በሌላ እጁ ወንጀል ሊያደርገው አይገባም።

የመሣሪያዎቹ ሠሪዎች ስሕተታችን ጥቂት ነው ይላሉ። ከታወቁት አንዱ የሆነው ተርኒቲን በ2023 ዓ.ም. አፕሪል ወር መሣሪያውን ሲያወጣ በሐሰት የሚኮነነው ጽሑፍ ከመቶ አንድ እንደማይሞላ አስታውቆ ነበር። አንድ በመቶ ለሰሚው ጥቂት ነው። በአሜሪካ የሚገኘው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ግን እርሳስ አንሥቶ አሰበው። በ2022 ዓ.ም. ለተርኒቲን ያቀረበው ጽሑፍ 75,000 ነበርና፣ በዚያ ስሌት 750 ያህል ጽሑፍ በሐሰት ሊኮነን ይችል ነበር። ስለዚህ በኦገስት 2023 መሣሪያውን ዘጋው። ቻት ጂፒቲን የሠራው ኦፕን ኤአይ ራሱ በጃንዩወሪ 2023 መርማሪ መሣሪያ አውጥቶ፣ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ሆኖ ስላገኘው በዚያው ዓመት በጁላይ አንሥቶታል። የገዛ ልጁን ድምፅ ለይቶ ማወቅ የተሳነውን አባት ያየ ሰው፣ ጎረቤቱ ለይቼ ዐውቃለሁ ቢለው ጥቂት ማመንታት ይገባዋል። ተርኒቲንም ቢሆን ቁጥሩ ብቻውን ተማሪን ለመቅጫ መነሻ እንዳይሆን ያሳስባል፤ ይህን ማሳሰቢያ የሚያነበው ፈታኝ ግን ቁጥሩን ከሚያነበው ያነሰ መሆኑን እንፈራለን።

እኛ ኢትዮጵያውያን እንዲህ ያለውን ፍርድ ከዚህ በፊት አይተነዋል። ሽማግሌዎች የሚያወሱት ሌባ ሻይ የሚባል ልማድ ነበር። ንብረት የጠፋበት ሰው ለሌባ ሻዩ አለቃ ያመለክታል፤ አለቃውም አንድ ትንሽ ልጅ መድኃኒት አጠጥቶ ያሰክርና ወገቡን አስሮ ጫፉን ይዞ ይለቀዋል። ልጁ እየተንገዳገደ ይሄድና ከአንዱ ሰው ቤት ገብቶ ይወድቃል። የዚያ ቤት ጌታ ሌባ ነው ተብሎ የጠፋውን ይከፍላል። ቢምል፣ ቢገዘት፣ ጎረቤት ቢመሰክርለት ዋጋ አልነበረውም። የከሰሰው የሰከረ ልጅ ነውና ለምን ወደኔ መጣህ ብሎ ሊከራከረው አይችልም። ለልማዱ ይከራከሩ የነበሩ ሰዎች ሌባው ልጁን ከመፍራት የተነሣ ዕቃውን አስቀድሞ ይመልሳል ይሉ ነበር፤ ምናልባት አንዳንድ ጊዜ እውነት ሳይሆን አልቀረም። ሆኖም ልጁ ከደጁ የወደቀበት ንጹሕ ሰው ማን ይካሰው? ልማዱ ከቀረ ብዙ ዘመኑ ነው። ዛሬ ልጁ በኮምፒዩተር ውስጥ ገብቶ፣ በመድኃኒቱ ፈንታ ቁጥር ይዞ ቢመጣ፣ ሊጠየቅና ሊመልስ ያልቻለ ከሳሽ መሆኑ አልተለወጠም።

ይህን ስንል ለሚያጭበረብር ሰው ጥብቅና መቆማችን አይደለም። ያላወቀውን ዐወቅሁ ብሎ የነርስነት ምስክር ወረቀት የያዘ ሰው የሚጎዳው በሽተኛውን ነው፤ ያልተማረ የሒሳብ ሹም የሚያጠፋው የሕዝብ ገንዘብ ነው። ፈተናውን የሚያካሂዱት ማኅበራት የሚጨነቁት በከንቱ አይደለም። በኢትዮጵያም ብዙ ተማሪዎች ያሉት ኤሲሲኤ የተባለው የሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር፣ በወረርሽኙ ዘመን የጀመረውን በቤት ሆኖ የመፈተን ሥርዓት ለልዩ ችግር ካልሆነ በቀር ከማርች 2026 ጀምሮ እንደሚያስቀር በዲሴምበር 2025 አስታውቋል። ውሳኔው ከከተማ ርቆ ለሚኖር ተፈታኝ ድካም ያመጣበታል። ነገር ግን ፈተናውን ለሁሉም ያከብደዋል እንጂ አንዱን መርጦ በሐሰት አይከስም፤ ስለዚህ በግምት ከመኮነን ይሻላል ብለን እናምናለን።

በቤት የሚሠራ ጽሑፍ ግን ፈጽሞ ሊቀር አይችልም፤ ሙያው ራሱ ተቀምጦ አስቦ መጻፍን ይጠይቃልና። ታዲያ ፈታኙ ምን ያድርግ? ይጠይቅ። ባገራችን የቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ይዞ ከመምህሩ ፊት ይቀርባል፤ በቃሉ ይናገራል፤ መምህሩም እዚያው ሰሙን ከወርቁ እንዲለይ፣ ያንን ቃል ለምን እንደ መረጠ ይጠይቀዋል። የሰው ቅኔ ይዞ የቀረበ ተማሪ ሁለተኛውን ጥያቄ አያልፍም። የሙያ ፈታኝም የጠረጠረውን ተማሪ በስልክ ወይም በኮምፒዩተር አገናኝቶ ሩብ ሰዓት ያህል «ይህን ስሌት ከወዴት አመጣኸው? ይህ ምክር በመሥሪያ ቤትህ ቢሞከር ምን ይገጥመዋል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ከማንኛውም ቁጥር የተሻለ ነገር ያገኛል። ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል የሚል መልስ እንደሚሰጠን እናውቃለን። የተማሪው ክፍያ ግን ለዚህ ካልሆነ ለምን ኖሯል?

ተማሪዎችም ብትሆኑ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። የመጀመሪያውን ረቂቅ፣ የሠረዛችሁትን፣ በመጽሐፉ ጠርዝ የጻፋችሁትን አትጣሉ፤ በኮምፒዩተር ስትጽፉም የየቀኑ ለውጥ እየተመዘገበ እንዲቀመጥ አድርጉ። በመሣሪያ ተረድታችሁ እንደ ሆነ ደንቡ የሚፈቅደው እስከ የት እንደ ሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የተረዳችሁበትንም ግለጡ። በመጠርጠር ፍርሃት በገዛ እጃቸው የጻፉትን ሥራ «ሰው ያስመስላል» ለሚባል ሌላ መሣሪያ የሚሰጡ ተማሪዎች አሉ። ይህን አታድርጉ፤ ንጹሑን ሥራ በእውነት የመሣሪያ ሥራ ታደርጉታላችሁና።

ከእናንተም ውስጥ ነገ በፈታኝ ወንበር የምትቀመጡ፣ የትምህርትና የፈተና ደንብ የምታረቅቁ ትኖራላችሁ። የመሣሪያው ቁጥር ለጥያቄ መነሻ እንጂ ለቅጣት ማስረጃ እንዳይሆን፣ የተከሰሰው ሰው የተከሰሰበትን ሙሉ ወረቀት እንዲያይና በቃሉ እንዲመልስ፣ ጉዳዩም በስንት ቀን ውስጥ እንደሚያልቅ ፈተናው ሳይጀመር በደንቡ ይጻፍ። ጉዳዩ እስኪያልቅ ድረስ በውጤት ወረቀቱ ላይ ምን ተብሎ እንደሚጻፍም እንደዚሁ ይወሰን። ማመልከቻ የሚቀበለው አሠሪ «ውጤቱ ተይዟል» የሚለውን ቃል ሲያይ ምክንያቱን ደውሎ አይጠይቅም፤ ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጎ የሚቀጥለውን ያነሣል።