ካናቴራ ብቻውን አያስሮጥም

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ኅዳር 1994 ዓ.ም ሲጀመር 10 ሺህ ሰው ተመዝግቦ ነበር። ያን ዕለት ያሸነፈውም ራሱ ኃይሌ ገብረሥላሴ ነው። ዛሬ ተሳታፊው ከ40 ሺህ በላይ ደርሷል። የብዙው ጀማሪ ችግር ግን ያው ነው፤ ካናቴራውን ቀድሞ ይገዛል፣ ልምምዱን ለመጨረሻው ሳምንት ይተዋል።

መዘዙ ገና ከመነሻው ይታያል። በጭፈራው ሞቅ ብሎት እንደ አትሌት ይፈተለካል፤ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጎኑን ይዞ ይቆማል። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ ላልተዘጋጀ ሰው ትንፋሽ አትሰጥም።

መፍትሄው ከባድ አይደለም። ሁለት ወር ቀድሞ በሳምንት ሦስት ቀን እያረፉ መሮጥ፣ በዕለቱም እያወሩ መሄድ በሚያስችል ፍጥነት መነሳት ነው። ደረቱን የወጋው ወይም ያዞረው ሰው ግን ይቁም። ሩጫው ለከርሞም አለ።