የቡና ገለባና የባትሪ ካርቦን

ጅማ፣ አጋሮ፣ ሊሙና ጌራ በቡናቸው ስመ ጥር መሆናቸውን ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ መንገር ለቀባሪው እንደ ማርዳት ነው። ነገር ግን ጀንፈሉ በመቀሸሪያው ካለፈ በኋላ ከክብደቱ ግማሽ የሚያህለው ገለባ ሆኖ እንደሚቀር ሁሉም እያየው፣ ስለዚህ ገለባ ዋጋ የሚጠይቅ ነጋዴ እጅግ ጥቂት ነው። በግቢው ይከመራል፤ ዝናብ ይመታዋል፤ ከፊሉ ይቃጠላል፤ ከፊሉም በጎርፍ ወደ ወንዝ ይወርዳል።

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ መንግሥት በኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ባትሪ የመሐንዲሶች ብቻ ሳይሆን የነጋዴውም ጉዳይ ሆኗል። ስለ ባትሪ ሲነሣ ሊትየምን ብቻ መጥራት የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ በባትሪው ውስጥ ያለው ካርቦን በክብደት ከሊትየሙ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይህም ካርቦን በአብዛኛው ግራፋይት ነው፤ ይኸውም በመጻፊያ እርሳስ ውስጥ የሚገኘው ጥቁር ነገር ነው።

ግራፋይት በሞሰብ እንደ ተደራረበ እንጀራ ስስ በሆኑ ንጣፎች የተሠራ ሲሆን፣ ከአንዱ ንጣፍ እስከ ሌላው ያለው ርቀት አንድ ሚሊሜትር ለሦስት ሚሊዮን ቢከፈል የአንዱን እጅ ያህላል። ባትሪው በሚሞላበት ጊዜ የሊትየም አዮኖች በፈሳሹ ተሻግረው በእነዚህ ንጣፎች መካከል ገብተው ይቀመጣሉ፤ ባትሪው ሲሠራም ወጥተው ወደ መጡበት ይመለሳሉ። ስድስት የካርቦን አቶሞች አንድ የሊትየም አዮን ያስተናግዳሉ። እንግዳው ሲገባ ቤቱ ከመቶ 10 ያህል ያብጣል፤ ሲወጣም ወደ ቀድሞው ይመለሳል። የግራፋይት ዋጋው ይህን ከሺህ ጊዜ በላይ ሳይፈርስ መቻሉ ነው። በብርድ ጊዜ በጥድፊያ ከተሞላ ግን ሊትየሙ መግቢያ አጥቶ በንጣፉ ላይ ብረት ሆኖ ይጋገርና የባትሪውን ዕድሜ ያሳጥራል፤ የሊትየም ባትሪ ያለው ባጃጅ የገዙ ሰዎች ይህን ቢያውቁ አይከፋም።

ይህ መግባትና መውጣት በግራፋይት ላይ እንደሚቻል ያሳየው በሞሮኮ፣ በፌዝ ከተማ የተወለደው ራሺድ ያዛሚ ነው፤ በፈረንሳይ አገር በግሬኖብል የሠራውንም እ.ኤ.አ. በ1983 አሳተመ። የሚያስገርመው ግን ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ ባወጣው የመጀመሪያ የሊትየም አዮን ባትሪ ውስጥ የነበረው ግራፋይት ሳይሆን፣ ከኮክ የተገኘ፣ ንጣፉ በሚገባ ያልተስተካከለ ካርቦን መሆኑ ነው። ወደ ገለባው የሚያደርሰው መንገድም ከዚህ ይጀምራል።

የቡና ገለባ ያለ አየር ቢከስል ግራፋይት አይሆንም። ንጣፎቹ የተጣመሙና በመካከላቸው ክፍተት የበዛበት፣ ጠንካራ ካርቦን የሚባለው ይሆናል። ይህ ጉድለት የሚመስለው ጠባይ ለሶዲየም ባትሪ ጥቅም ሆኖ ተገኝቷል፤ ሶዲየም በግራፋይት ንጣፎች መካከል በበቂ መጠን አይገባም፣ በጠንካራው ካርቦን ግን ይገባልና። ሶዲየምም ከጨው የሚገኝ ስለ ሆነ እንደ ሊትየም ብርቅ አይደለም። በውጭ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ከቡና ገለባና ከተፈላ ቡና አተላ ካርቦን አዘጋጅተው በባትሪ ላይ ሞክረዋል። ከኮኮናት ቅርፊት የተሠራውማ በገበያ ይሸጣል።

ታዲያ ገለባ ወርቅ ሆነ ብሎ ፋብሪካ ለማቆም መሮጥ ከባድ ስሕተት ይሆናል። ገለባው ፖታሲየም ስለሚበዛበት አመዱ ብዙ ነው፤ ካልታጠበ ካርቦኑ ይበላሻል። ምድጃው ከ1000 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት፤ ይህም መብራት በማይቋረጥበት ስፍራ እንኳ ብዙ ወጪ ያስከትላል። ከዚህም በቀር ጠንካራ ካርቦን መጀመሪያ ሲሞላ ከተቀበለው አዮን ከፊሉን ይዞ ያስቀራል፤ ያ ክፍል ተመልሶ ለሥራ አይውልም። እነዚህን ሁሉ ሳይመዝን ገንዘቡን የሚያወጣ ነጋዴ ቢከስር በማንም ሊያመካኝ አይችልም።

ሌላም የሚመዘን አለ። በገለባው ያለው ፖታሲየም ከቡናው ማሳ የወጣ የአፈር ሀብት ነው። ብስባሽ ሆኖ ወደ ቡናው እግር ቢመለስ ለገበሬው ጥቅሙ የታወቀ ስለ ሆነ፣ ገለባው ለባትሪ የሚሸጥ ቢሆን እንኳ ገበሬው ከዋጋው ድርሻ ሊያገኝ፣ ከካርቦኑ የታጠበው ፖታሲየምም ወደ ማሳው የሚመለስበት መንገድ ሊፈለግ ይገባል። ይህ ተረስቶ የሚጀመር ንግድ የነገውን ቡና እየበሉ መኖር ነው።

ነጋዴው ዛሬ ሊያደርገው የሚችለው ወጪው ጥቂት የሆነ ሥራ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ አንዱ መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ዛሬ የማቴሪያል ሳይንስ ትምህርት ክፍልም አለው። መምህራኑ የቡና መፈልፈያ ፍሳሽ በወንዞች ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለብዙ ዓመታት ሲያጠኑ ቆይተዋል። ተመራማሪ ግን ከየት እንደ መጣ በማይታወቅ፣ ዝናብ በመታው፣ አፈር በተቀላቀለበት ገለባ የሚያገኘው ውጤት ለማንም አይረባም። ቡናን በትውልድ ቦታው፣ በደረጃውና በእርጥበቱ ለይቶ መሸጥ የነጋዴው የቆየ ሙያ ነው፤ ይህንኑ ሙያ ለገለባው ማዋል ነው የሚጠየቀው።

ስለዚህ የምክር ቤቱ አባላት የሆኑ የመቀሸሪያ ባለቤቶች በሚመጣው የቡና ወራት፣ ኅዳር ላይ ጀንፈሉ መግባት ሲጀምር፣ ከየአካባቢው ጥቂት ከረጢት ደረቅ ገለባ ለይተው ከጣራ በታች ቢያስቀምጡ፣ በእያንዳንዱም ላይ የወረዳውን ስም፣ የተቀሸረበትን ቀንና ክብደቱን ጽፈው ለዩኒቨርሲቲው ቢያስረክቡ፣ ምክር ቤቱም የምርመራውን ወጪ ከአባላቱ አሰባስቦ ውጤቱ በዚሁ ጋዜጣ እንዲወጣ ቢስማማ፣ የአጋሮ ገለባ ከሊሙ ገለባ ይለይ እንደ ሆነ በአንድ ዓመት ውስጥ በቁጥር ሊታወቅ ይችላል።