ሰፈርን የማያውቅ ጥበቃ

የአዲስ አበባ አራዳ እምብርት የሆነችው ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ስትፈርስ ለጠየቅነው ሁሉ የተሰጠን መልስ አንድ ነበር፤ በቅርስነት የተመዘገቡት ቤቶች አልተነኩም። እሺ፣ ቃል በቃል እውነት ነው እንበል። ነገሩ የሚብሰው ያን ጊዜ ነው። አንድም የተመዘገበ ቤት ሳይነካ ዶሮ ማነቂያን የሚያህል ሰፈር በሳምንታት ውስጥ ሜዳ መሆን ከቻለ፣ ጥበቃው የሚጠብቀው ምኑን ነው?

ሰፈር ማለት የቤቶች ድምር ነው የሚል ሰው አራዳን አያውቃትም። በጊዮርጊስ አጠገብ በነበረው ገበያ ዙሪያ አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ህንዱና የመኑ ከአገሬው ጎን ሱቅ ከፈቱ። ጣልያን ገበያውን ነቅሎ ወደ መርካቶ ቢወስደውም ሰዉና ቤቱ ቀሩ። እኔ እነዚያን ቤቶች ቀና ብዬ እያየሁ ነው ያደግሁት። ታቹ የድንጋይ ግንብ፣ ላዩ እንጨትና ጭቃ፣ ደረጃው በውጭ በኩል፣ ዙሪያውን የጣውላ በረንዳ። የበረንዳው መከታ በእጅ ተፈልፍሎ እንደ ጥልፍ የተዋበ ነበር። ከሥር ወርቅ ቤትና ልብስ ሰፊ፣ ከላይ አምስት ስድስት ቤተሰብ፣ በጓሮ በኩል ቡና የሚጠራሩ ጎረቤቶች። ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ በየትኛውም መዝገብ ላይ ስማቸው አልነበረም። አንዱን ለብቻ ብታዩት «ይህማ ተራ ቤት ነው» ትላላችሁ። አርባው ተደርድረው ሲታዩ ግን አዲስ አበባ እንዴት ከተማ እንደሆነች ይነግሯችኋል።

ጣይቱ ሆቴል፣ የአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል፣ ጥር 2007 ዓ.ም. እሳት በልቶት እንኳ ተጠግኖ ቆሟል። እሰየው! ግን ሆቴሉን ያቆመው እንግዳ፣ ገበያተኛና መንገድ ነበር። በዙሪያው ያለውን ሁሉ ጠርጎ እሱን ብቻ ማስቀረት ጥበቃ ነው ከተባለ፣ እኔ ይህን ጥበቃ አልቀበልም።

የሚያንገበግበኝ ሕግ አለመኖሩ አይደለም። ሕግ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 የታሪክና የባህል ቅርስን የመጠበቅ ኃላፊነት በመንግሥት ላይ ጥሏል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ ከዚያ አልፎ ይሄዳል። የማይንቀሳቀሱ ቅርሶች ተሰባስበው የሚገኙበትን ቦታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በነጋሪት ጋዜጣ እንዲከልል ሥልጣን ሰጥቶታል። ከተከለለ በኋላ ከቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ሳይዝ ቤት የሚሠራ፣ መንገድ የሚቀድ፣ መሬት የሚቆፍር ሰው ሕግ ተላላፊ ነው። ማለትም አንድን ሰፈር እንዳለ መጠበቅ የሚቻልበት መንገድ ከሃያ ዓመት በላይ በእጃችን ነበር። ለፒያሳ ያነሳላት ግን አልተገኘም።

«ቤቶቹ እኮ አርጅተዋል፣ ሰው በመከራ ነው የሚኖርባቸው» ይሉናል። መከራው እውነት ነው። የሚያፈሰውን ጣሪያ አውቀዋለሁ፤ ለግቢው ሁሉ አንድ የሆነውንም ሽንት ቤት አውቀዋለሁ። ግን ማን አስረጃቸው? በ1967ቱ አዋጅ ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ አከራዩ መንግሥት ነው። ተከራይ ቆርቆሮ ልቀይር ባለ ቁጥር ለፈቃድ ሲመላለስ ኖሯል። ያው የ1992ቱ አዋጅ ቅርስን በባለቤትነት የያዘ ሰው በራሱ ወጪ ይንከባከበው ይላል። የግል ባለንብረት ቢሆን ይጠየቅበት ነበር። አከራዩ መንግሥት ሲሆን ግን ለሃምሳ ዓመት ያልጠገነው እሱ፣ አርጅቷል ብሎ የፈረደው እሱ፣ ያፈረሰውም እሱ። ከሳሹም ዳኛውም አንድ! ጣሪያ ለሚያፈስበት ሰው መልሱ ጣሪያ መጠገንና ሽንት ቤት መሥራት ነው እንጂ እድሩን በትኖ ከከተማው ዳር ማስፈር አይደለም።

አይቻልም የሚል ካለ ሐረር ይሂድ። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው አንድ መስጊድ ወይም የአንድ አሚር ቤት አይደለም። አሮጌዋን ከተማ ጀጎልን እንዳለች ነው የመዘገባት፤ ከግንቡ፣ ከጥንታዊ በሮቿ፣ ከ82 መስጊዶቿና ከጠባብ መንገዶቿ ጋር። ሰዉ ዛሬም ይነግድባታል፣ ይዳርባታል፣ ይወልድባታል። ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. በ1962 ሙሉ ሰፈርን የሚጠብቅ ሕግ ያወጣችው የፓሪሱ ማሬ ያረጀ፣ የተጨናነቀ የድሃ ሰፈር በነበረበት ዘመን ነው። (ድሆቹ ኋላ በኪራይ ውድነት ተገፍተው መውጣታቸው ሌላ ጥፋት ነው፤ እሱን አንድገመው።)

የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሆይ፣ ከአራዳ የተረፈውን፣ ከባቡሩ ጋር በ1895 ዓ.ም. የተቆረቆረውን የድሬዳዋን ከዚራ፣ የጎንደርን ፒያሳ፣ ኤክስካቫተር በራፋቸው ሳይቆም ከልሏቸው። ወሰናቸውን በካርታ አስምራችሁ፣ በነጋሪት ጋዜጣ አውጁት። እናንተም አንባቢዎቼ፣ ባለሥልጣን እስኪመጣ አትጠብቁ። የሰፈራችሁን አሮጌ ቤቶች ፎቶ አንሱ፣ ማን እንደሠራቸውና ማን እንደኖረባቸው ሽማግሌዎቹን ጠይቃችሁ ጻፉ፣ እንዲከለሉም ለቅርስ ባለሥልጣን በጽሑፍ አመልክቱ። ደብዳቤያችሁ ገቢ የሆነበትን ቁጥር ሳትቀበሉ ከመዝገብ ቤቱ አትውጡ።